ሰው ሠራሽ በረዶና የስኪ መዝናኛ

አገራችን በክረምት ኦሊምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ የተወከለችው እ.ኤ.አ. በ2006 በቶሪኖ፣ በበረዶ ሸርተቴ ተወዳዳሪው በሮቤል ተክለማርያም ነበር። ይህ ስፖርት ያለ በረዶ አይኖርም። ሆኖም የምድር ሙቀት መጨመር የአልፕስ ተራሮችን በረዶ እያሳሳው ይገኛል፤ መዝናኛው ራሱም ለዚሁ ሙቀት የበኩሉን ያዋጣል። በዚህ ጽሑፍ ጉዳቱ ከየት እንደሚመነጭና እንዴት እንደሚቀነስ እንመለከታለን።

በረዶ ሲታጣ የመዝናኛ መንደሮች መድፍ በሚመስል መሣሪያ ያመርቱታል። መሣሪያው ውኃን በኃይለኛ አየር በትኖ ወደ ደቃቅ ጠብታ ይለውጠዋል፤ ጠብታው መሬት ሳይደርስ ወደ በረዶነት ይለወጣል። ጠብታው በከፊል ሲተን ሙቀት ስለሚያጣ፣ አየሩ ከቀዝቃዛነቱ ሌላ ደረቅ ቢሆን ሥራው ይቀላል። ይሁን እንጂ ምርቱ ብዙ ውኃና ኤሌክትሪክ ይፈጃል። በተጨማሪም ይህ በረዶ ከተፈጥሮው ይልቅ እፍግ ያለ በመሆኑ ዘግይቶ ይቀልጣል፤ ከሥሩ ያለው ሣርም የሚያቆጠቁጥበት ጊዜ ይዘገያል። እ.ኤ.አ. በ2022 የቤጂንግ የክረምት ኦሊምፒክ ከሞላ ጎደል በሰው ሠራሽ በረዶ ላይ ተካሂዷል።

ያም ሆኖ ብዙውን ጊዜ ከፍተኛውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚያመነጨው የእንግዶቹ ጉዞ እንጂ መሣሪያው አይደለም። ስለዚህ ቀዳሚው መፍትሔ ከአውሮፕላንና ከመኪና ይልቅ ባቡርን መምረጥ፣ ደጋግሞ ከመመላለስም አንድ ጊዜ ሄዶ ረዘም ላለ ጊዜ መቆየት ነው። በስዊዘርላንድ የምትገኘው ዘርማት የጎብኝዎችን መኪና አታስገባም፤ እንግዶች መኪናቸውን 5 ኪሎ ሜትር ያህል በምትርቀው በቴሽ አቁመው በባቡር ይገባሉ።

ከዚህ የምንረዳው፣ ጉዳትን ለመቀነስ አስቀድሞ የትኛው ድርጊት ይበልጥ እንደሚጎዳ መለካት እንደሚገባን ነው።