ለቅሬ የሚያዋጣ ለካንሰርስ?

በወሎ ገጠር ቅሬ፣ ማለትም የቀብር ዕድር፣ የሌለው ሰው ማግኘት ይቸግራል። ቀባሪ እንዳያጣ ድሃውም ያዋጣል። ስለዚህ «ገበሬው ለጤና መድን ለመክፈል ፈቃደኛ ነው ወይ?» የሚለው የአጥኚዎች መጠይቅ ወሎ ውስጥ ላስታ ሲደርስ ይጣመማል። ማዋጣቱንማ ከአያቶቹ ወርሶታል። የሚከነክነው ያዋጣው ገንዘብ የት ድረስ እንደሚያደርሰው ነው።

ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በ2003 ዓ.ም በአራት ክልሎች፣ በ13 ወረዳዎች ተሞከረ። በአማራ ክልል የተመረጡት ደቡብ አቸፈር፣ ፎገራና ተሁለደሬ ነበሩ። አባወራው በዓመት አንዴ ይከፍላል፤ የድሃ ድሃ የተባለውን መንግሥት ይከፍልለታል። በሽተኛው ብቻ እየመጣ ካዝናው እንዳይራቆት የሚመዘገበው ቤተሰቡ በሙሉ ነው። እንደ ሳንባ ምች ላለ ሕመም ይህ አሠራር ብዙ ሰው ታድጓል።

ካንሰር ግን ሌላ ነገር ነው። በላስታ፣ ይምርሐነ ክርስቶስ አካባቢ፣ አንዲት እናት ጡቷ ላይ እብጠት አገኘች እንበል። ከዋሻው ቤተ ክርስቲያን ጠበል ብትጠመቅ ማንም አይፈርድባትም። ከዚያ ጤና ጣቢያ፣ ላሊበላ ሆስፒታል፣ ወልድያ ወይም ደሴ፤ በመጨረሻም «ሪፈር» ተብሎ አዲስ አበባ፣ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል። የጨረር ሕክምና በአገሪቱ ለሃያ ዓመት ገደማ የተሰጠው እዚያ ብቻ ነበር። ደረጃውን ጠብቃ ከሄደች የመድን ካርዱ ይሠራል። የመኪናውን፣ ወረፋ ስትጠብቅ የምታድርበትን አልጋ፣ የአስታማሚዋን ምግብ ግን አይሸፍንም። መድኃኒቱ «አልቋል» ከተባለ ደግሞ ከግል ፋርማሲ የምትገዛው በሬ ሸጣ ነው። በ2013 ዓ.ም ክረምት የሰሜኑ ጦርነት ላሊበላ ሲገባ፣ ኋላም መንገድ በተዘጋ ቁጥር፣ ካርድ ይዞ ቤት መዋል መጣ።

የአንድ ወረዳ ካዝና ይህን አይችልም። የጥቂት ሰዎች ኬሞ የብዙ አባወራ መዋጮ ይበላል። የመዋጮው ቋት ከወረዳ ወደ ዞንና ክልል ከፍ ይበል መባሉ ለዚህ ነው፤ ልክም ነው።

ደመወዝተኛውም ቢሆን ለገበሬው አርአያ አልሆነም። የማኅበራዊ ጤና መድን አዋጅ ቁጥር 690 በ2002 ዓ.ም ወጣ። ከደመወዝ 3 በመቶ ይቆረጣል ሲባል ሠራተኛው አጉረመረመ፤ ነገሩም ለዓመታት ሲንከባለል ኖረ። «የምታከምበት ሆስፒታል መድኃኒት የለውም፤ ለምን እከፍላለሁ?» የሚለው ጥያቄ ላስታም፣ አዲስ አበባ ቢሮ ውስጥም አንድ ነው። ይህን «ፈቃደኛ አይደሉም» ብሎ መመዝገብ ስንፍና ይመስለኛል።

ካርድ የሚታደሰው እህሉ ከገባ በኋላ፣ ገበሬው እጁ ላይ ጥቂት ብር ባለበት ወቅት ነው። የኢትዮጵያ ጤና መድን አገልግሎት ለመጪው እድሳት አንድ ወረቀት ያዘጋጅ፦ ካንሰር ቢይዘኝ የትኛው ምርመራ፣ የትኛው መድኃኒት ይከፈልልኛል? ሆስፒታሉ ቢያጣውስ ገዝቼ ደረሰኝ ባመጣ ማን ይመልስልኛል? ወረቀቱ በቅሬው ስብሰባ ላይ ይነበብ። ስንት ትከፍላላችሁ የሚለው ከዚያ ወዲያ ይጠየቅ።