አንጎል በቀዶ ጥገና ከዳነ በኋላ አሳብ ስለ ምን ይደክማል?

የአንጎል ክብደት ከመላው ሰውነታችን ክብደት ከመቶ 2 እጅ ያህል ብቻ ነው። ይሁን እንጂ ልባችን ከሚረጨው ደም ከመቶ 15 እጅ ያህሉን ይወስዳል። በጤና ጊዜ ለ100 ግራም አንጎል በየደቂቃው 50 ሚሊ ሊትር ያህል ደም ይደርሰዋል። ይህ መጠን ከ20 በታች ሲወርድ ሕዋሳቱ በሕይወት ሳሉ ሥራቸውን ያቆማሉ፤ ወደ 10 ወርዶ ሲቈይ ግን ይሞታሉ።

አኑሪዝም የሚባለው ደዌ የደም ቅዳ ግድግዳ በአንድ ስፍራ ሳስቶ እንደ ፊኛ ሲነፋ የሚመጣ ነው። በአንጎል ውስጥ የፈነዳ እንደ ሆነ ሰውየውን ከቶ ዐይቶት የማያውቅ ብርቱ ራስ ምታት በድንገት ይይዘዋል፤ ያን ጊዜ ሳይዘገዩ ወደ ሐኪም ቤት መውሰድ ይገባል። እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1937 ዓ.ም. ዋልተር ዳንዲ የተባለው አሜሪካዊ ሐኪም በባልቲሞር ከተማ የእብጠቱን አንገት በትንሽ የብር መቈንጠጫ ዘጋው። ከ1990ዎቹ ዓመታት ወዲህ ደግሞ የራስ ቅል ሳይከፈት፥ በጭን ሥር ባለው ደም ቅዳ በኩል ቀጭን የፕላቲን ሽቦ አስገብቶ እብጠቱን መሙላት ተችሏል።

ነገር ግን ቀዳዳው ተዘጋ ማለት ነገሩ ሁሉ ተፈጸመ ማለት አይደለም። በአንጎል ዙሪያ የፈሰሰው ደም፥ ከ3ኛው እስከ 14ኛው ቀን ድረስ ባለው ጊዜ፥ ደም ቅዳዎቹን ሊያኰማትር ይችላል፤ ያን ጊዜ ደሙ ያነሰው የአንጎል ክፍል ይጐዳል። ስለዚህ ሐኪሞች ኒሞዲፒን የተባለውን መድኃኒት ይሰጣሉ፤ በ1982 ዓ.ም. ሩነ ኦስሊድ ባስተዋወቀው ዘዴም የደሙን ፍጥነት ከራስ ቅል ውጭ ሆነው በድምፅ ሞገድ ይለካሉ።

ከዚህ በኋላ የዳነው ሰው ይራመዳል፥ ይናገራል፥ ወደ መሥሪያ ቤቱም ይመለሳል። ይሁን እንጂ ትናንት የታዘዘውን ይረሳል፤ ሁለት ጕዳይ ባንድነት መያዝ ያቅተዋል፤ ቀትር ሳይሆን ይደክመዋል። ጠባሳው በጠጕር ስለ ተሸፈነ አለቃው «ሰነፈ» ይለዋል፤ ባልንጀራውም «ጠባዩ ተለወጠ» ብሎ ያዝናል። የጐደለው ትጋት ሳይሆን ደም አጥቶ የተጐዳው የአንጎል ክፍል ሥራ ነው።

የብዙዎቹ ችሎታ በወራት ውስጥ እየተሻሻለ ይሄዳል። እንግዲህ የማስታወስ ችሎታው በሐኪም ይመርመር፤ ሥራው ጥቂት በጥቂት ይሰጠው፤ ትእዛዙም በጽሑፍ ይሁንለት። ከሞት የተረፈን ሰው በሐሜት ማቍሰል አይገባምና።