ሕመም ያመጣቸውና ሕመም ያላመጣቸው፦ የጤና ጣቢያ የዓይን ክፍል መዝገብ እንዴት ይነበብ?

በአማራ ክልል ገጠር የሚገኝ አንድ የመጀመሪያ ደረጃ የዓይን ሕክምና ክፍል አብዛኛውን ጊዜ በጤና ጣቢያው ውስጥ ያለች አንዲት ጠባብ ክፍል ናት። በውስጧ የሕክምና አልጋ፣ የእጅ ባትሪ፣ የማጉያ መነጽር፣ በግድግዳ ላይ የተለጠፈ የእይታ መለኪያ ሰሌዳና የታካሚዎች መዝገብ ይገኛሉ። ሥራውን የሚያከናውነው በዓይን ሕክምና ተጨማሪ ሥልጠና ወስዶ የተመለሰ ነርስ ነው። መዝገቡ በየዕለቱ የሚሞላው በተመሳሳይ ስሞች ነው፦ የቀላ ዓይን፣ ማሳከክ፣ ዓይናር፣ በአጨዳ ወይም በውቂያ ጊዜ ዓይን ውስጥ የገባ ገለባ፣ የተቀለበሰ የዓይን ፀጉር። ለመመረቂያ ጽሑፉ መረጃ የሚሻ ተማሪ ይህን መዝገብ ሲያገኝ የአካባቢውን የዓይን በሽታዎች ገጽታ ያገኘ ሊመስለው ይችላል። መዝገቡ የሚያሳየው ግን ሰውን ከቤቱ አስነሥቶ ወደ ጤና ጣቢያ የሚያመጣውን ሕመም ነው። ማየትን የሚነጥቁት በሽታዎች ደግሞ አብዛኞቹ አያሙም።

ልዩነቱ የሚታየው መዝገቡ ከሕዝብ ጥናት ጋር ጎን ለጎን ሲቀመጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 እና በ2006 የተካሄደው አገር አቀፍ የዓይነ ስውርነት፣ የእይታ መቀነስና የትራኮማ ጥናት ቤት ለቤት ሰዎችን በመመርመር ከኢትዮጵያ ሕዝብ 1.6 በመቶው ዓይነ ስውር፣ 3.7 በመቶው ደግሞ እይታው የቀነሰ መሆኑን አረጋግጧል። ለዓይነ ስውርነት ከዳረጉት ምክንያቶች የዓይን ሞራ ግርዶሽ 49.9 በመቶ በመያዝ ቀዳሚ ነበር። በትራኮማ ሳቢያ የሚመጣ የኮርኒያ ጠባሳ 11.5 በመቶ፣ በመነጽር ሊስተካከል ይችል የነበረ የእይታ ጉድለት 7.8 በመቶ፣ ግላኮማ 5.2 በመቶ ድርሻ ነበራቸው። ጥናቱ ዕድሜ ጠገብ ነው፤ ከዚያ ወዲህ በተለይ የትራኮማ ስርጭት ብዙ ተለውጧል። ሆኖም በዝርዝሩ አናት ላይ የተቀመጠው የሞራ ግርዶሽ በጤና ጣቢያው መዝገብ ላይ ከቀላ ዓይንና ከማሳከክ በታች ተደብቆ መገኘቱ ከጊዜ ማለፍ ጋር የተያያዘ አይደለም።

የሞራ ግርዶሽ አያምም፣ አያቀላም፣ አያስለቅስም። የዓይን ሌንስ ቀስ በቀስ እየደፈረሰ ሲሄድ ሰውየው ጉዳዩን ለዕድሜው ይሰጠዋል፤ ቤተሰቡም እንዲሁ። አንደኛው ዓይን እስካየ ድረስ ሌላው መጥፋቱ እንኳ ሳይታወቅ ሊቆይ ይችላል። ታካሚው በመጨረሻ ሲመጣ ብዙውን ጊዜ በልጅ ወይም በልጅ ልጅ እጅ እየተመራ ነው። ሕክምናው የታወቀ ነው፦ የደፈረሰው ሌንስ በቀዶ ሕክምና ወጥቶ ሰው ሠራሽ ሌንስ ይተካል። ይህ ግን በጤና ጣቢያ የማይሠራ በመሆኑ ነርሱ ሊያደርግ የሚችለው ለይቶ ወደ ሆስፒታል መላክ ነው። የመላኩ ነገር ከዚህ በታች ይነሣል።

የዓይን ክፍሉ በአብዛኛው የተቋቋመበት ምክንያት የሆነው የትራኮማ መዘዝ ከዚህ ፍጹም የተለየ ጠባይ አለው። ክላሚዲያ ትራኮማቲስ የተባለው ባክቴሪያ በልጅነት ደጋግሞ ሲያጠቃ የላይኛው ቆብ ውስጠኛ ሽፋን ይጠባሰሳል፤ ጠባሳው ከዓመታት በኋላ ሲኮማተር የቆቡን ጠርዝ ወደ ውስጥ ይስባል፤ የዓይን ፀጉሮቹም በእያንዳንዱ ጥቅሻ ኮርኒያውን ይፍቃሉ። ይህ ያማል፤ ስለሚያምም ሰው ይመጣል። ከሕፃናት ጋር የሚውሉት ሴቶች በተደጋጋሚ ስለሚጠቁ ችግሩ ከወንዶች ይልቅ በእነርሱ ላይ ይበረታል። ብዙዎቹ ወደ ክፍሉ ከመምጣታቸው በፊት ለዓመታት ፀጉሩን በወረንጦ ሲነቅሉ ወይም ጎረቤት ሲነቅልላቸው ኖረዋል።

ይህ ወረንጦ በባለሙያዎች ዘንድ ለረጅም ጊዜ የኋላ ቀርነት ምልክት ተደርጎ ይታይ ነበር። እዚሁ አማራ ክልል በ1300 ሰዎች ላይ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ የንጽጽር ሙከራ ነገሩን ይበልጥ ውስብስብ አድርጎታል። ሙከራው ከስድስት ያነሱ ፀጉሮች የተቀለበሱባቸውን ሰዎች በሁለት ከፍሎ ለአንዱ ወገን ቀዶ ሕክምና ሰጠ፤ ለሌላው ወገን ጥሩ ወረንጦና የአነቃቀል ሥልጠና ሰጠ። ከሁለት ዓመት በኋላ ሕክምናው ያልተሳካላቸው ከነቃዮቹ 13.2 በመቶ፣ ከቀዶ ሕክምና ታካሚዎቹ 2.2 በመቶ ነበሩ። ቀዶ ሕክምናው በግልጽ በልጧል። በእይታና በኮርኒያ ጠባሳ ለውጥ ረገድ ግን በሁለቱ ወገኖች መካከል ጉልህ ልዩነት አልታየም። ስለዚህ ቀዶ ሕክምናን ለፈራች ወይም ለአራስ ልጇ ስትል ለዘገየች እናት ጥሩ ወረንጦ ሰጥቶ በቀጠሮ መከታተል ባዶ እጇን ከመስደድ የተሻለ ነው። የቀዶ ሕክምናው ዓይነትም ለውጥ ያመጣል። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ሌላ የኢትዮጵያ ሙከራ 1000 ታካሚዎችን ተከታትሎ፣ የቆቡ የውስጥ ሽፋን ብቻ በሚቆረጥበት ዘዴ ፀጉሩ በአንድ ዓመት ውስጥ የተመለሰባቸው 13 በመቶ፣ ቆቡ ሙሉ በሙሉ በሚቆረጥበት ዘዴ ደግሞ 22 በመቶ መሆናቸውን አሳይቷል። ከአምስት ሰው አንዱ ተመልሶ የሚታመምበት ሥራ የክትትል ቀጠሮን እንደ ትርፍ ነገር ሊያይ አይችልም።

እዚህ ላይ መዝገቡ ያልታሰበ ክብደት ያገኛል። የዓለም ጤና ድርጅት ትራኮማ የሕዝብ ጤና ችግር መሆኑ ቀርቷል ለማለት ካስቀመጣቸው መስፈርቶች አንዱ፣ 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆኑ ሰዎች መካከል በጤና ሥርዓቱ የማይታወቅ የፀጉር መቀልበስ ያለባቸው ከ0.2 በመቶ በታች መሆናቸው ነው። «የማይታወቅ» የምትለው ቃል ወሳኝ ናት። ቀዶ ሕክምና ተሰጥቷት የተመለሰባት፣ ቀጠሮ የተያዘላት ወይም ተነግሯት እንቢ ያለች ሴት በጤና ሥርዓቱ ትታወቃለች። እንቢታዋ ካልተጻፈ ግን አትታወቅም፤ ወረዳው ሥራውን ቢሠራም ማስረጃው አይኖርም። የተሠሩ ቀዶ ሕክምናዎችን ብቻ የሚቆጥር መዝገብ ለወር ሪፖርት ይበቃ ይሆናል፤ ለዚህ ጥያቄ ግን መልስ የለውም።

ከሕመምተኞቹ መካከል ልዩ ጥንቃቄ የሚሹት ዓይናቸው ዘወትር የሚያሳክካቸው ልጆች ናቸው። ደረቅና አቧራማ በሆነ አካባቢ የተለመደው ይህ አለርጂ ለዓመታት እየተመላለሰ ስለሚያስቸግር ወላጆች ማሳከኩን በአንድ ቀን የሚያስታግሠውን የስቴሮይድ ጠብታ ካገኙ በኋላ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ደጋግመው ከመድኃኒት መደብር ይገዛሉ። ጠብታው ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ የዓይን ግፊትን ከፍ ያደርጋል፤ የሞራ ግርዶሽንም ያስከትላል። በሌላ አነጋገር፣ የሚያምመው ሕመም በማያምመው ይተካል። ለዚህ ልጅ የሚጠቅመው ቀዝቃዛ መጭመቂያና የአለርጂ ጠብታ ነው፤ ስቴሮይድ ካስፈለገም በዓይን ባለሙያ ክትትል ለአጭር ጊዜ ብቻ ሊታዘዝ ይገባል።

ግላኮማ ዝምተኛ ነው። በተለመደው ዓይነቱ የእይታ ነርቩ ያለ ሕመም ይሞታል፤ የሚጠፋው በመጀመሪያ የዳር እይታ ስለሆነ ታካሚው ሰሌዳውን እስከ መጨረሻው መስመር እያነበበ በሽታው ሊገፋ ይችላል፤ የጠፋው ደግሞ አይመለስም። ጤና ጣቢያው ግፊት መለኪያም ሆነ የነርቩን ገጽታ ማያ መሣሪያ ላይኖረው ይችላል። ያም ሆኖ አንድ አጋጣሚ አለ። ከ40 ዓመት በኋላ የቅርብ እይታ ይደክማል፤ ዳዊት መድገም የቸገራቸው ካህን፣ መርፌ ማስገባት ያቃተው ልብስ ሰፊ፣ ጤፍ ውስጥ ያለውን ጠጠር መለየት የተሳናት እናት ሳያማቸው ለመነጽር ብለው የሚመጡት በዚህ ዕድሜ ነው። ግላኮማም መፈለግ የሚገባው ከዚሁ ዕድሜ ጀምሮ ነው። መነጽሩን ከገበያ ገዝቶ መሄድ በራሱ ዓይንን አይጎዳም፤ የሚጎዳው የምርመራው ዕድል ማለፉ ነው። በበሽታው መያዙ የተረጋገጠ ሰውም ወንድምና እህቶቹን፣ ለአካለ መጠን የደረሱ ልጆቹንም እንዲያመጣ መጠየቅ ይገባል፤ የቅርብ ዘመድ ተጋላጭነት ከሌላው ሰው የላቀ ነውና።

ለዚህ ሁሉ የሚያስፈልገው ትንሽ ነገር ነው። የስድስት ሜትር ርቀት፣ ሰሌዳው፣ በመሃሉ አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ ቀዳዳ ያለው ካርቶንና ባትሪ ይበቃሉ። እይታው ደካማ የሆነ ሰው በቀዳዳው ሲመለከት ከተሻለው ችግሩ በአብዛኛው በመነጽር የሚስተካከል ነው፤ ካልተሻለው ሌንሱ፣ ኮርኒያው ወይም የዓይኑ የኋላ ክፍል ይጠረጠራል። የአዋቂ ሰው ብሌን በባትሪ ብርሃን ነጭ ሆኖ ከታየ በአብዛኛው ግርዶሽ ነው። ባትሪው ከአንዱ ዓይን ወደ ሌላው እየተዛወረ ሲበራ አንደኛው ብሌን መጥበብ ሲገባው ከሰፋ ደግሞ የዚያ ዓይን ነርቭ መጎዳቱን ይጠቁማል። ሁለቱ ነርቮች እኩል ከተጎዱ ግን ይህ ምልክት ስለማይታይ ጤናማ መምሰል ጤናማ መሆንን አያረጋግጥም። ምርመራው ጥቂት ደቂቃዎች ይወስዳል፤ ለማሳከክ የመጣውንም፣ ታማሚ አጅቦ የመጣውን አዛውንትም ሊያካትት ይችላል። አጃቢውን መመርመር እንግዳ ቢመስልም የሞራ ግርዶሽ ያለበት ሰው በዚያ ክፍል ደጃፍ የሚገኘው ብዙ ጊዜ በአጃቢነት ነው።

በዚህ መንገድ የሚሰበሰብ መረጃ እንኳ የስርጭት መጠንን አይሰጥም። የተገልጋዮች ቁጥር ለወረዳው ሕዝብ ተካፍሎ የሚገኘው ውጤት የመንገዱን ርቀት፣ የወቅቱን ሥራና የነርሱን መልካም ስም ጭምር አዝሎ ይመጣል። መዝገቡ በታማኝነት ሊመልሰው የሚችለው ሌላ ጥያቄ ነው፦ በሩን ካለፉት መካከል እይታው የተለካው ስንቱ ነው፣ ከተላኩትስ የደረሰው ስንቱ? የዓለም ጤና ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2021 ለ2030 ያስቀመጠው ግብም ወደዚሁ ያመራል። ግቡ በሞራ ግርዶሽ ቀዶ ሕክምና ሽፋን ላይ የ30 ነጥብ ጭማሪ ይጠይቃል፤ የሚቆጠረውም ከቀዶ ሕክምናው በኋላ በደንብ ያየ ሰው ነው። አሁን ባለው የተለመደ አሠራር ግን የመጨረሻው ዓምድ «ወደ ሆስፒታል ተልኳል» በሚል ቃል ይዘጋል። ታካሚዋ የትራንስፖርት ገንዘብ አግኝታ፣ የሚያጅባት ሰው ተገኝቶ፣ ሆስፒታሉ በዚያ ቀን ቀዶ ሕክምና ሰጥቷት እንደሆነ የሚጻፍበት ቦታ የለም። ከዚህ ዓምድ ቀጥሎ «ደርሳለች ወይ?» የሚል አንድ ዓምድ መጨመርና በየወሩ በጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች አማካይነት መሙላት በዘርፉ ለሚሠራ የድኅረ ምረቃ ጥናት በቂ ርዕስ ነው።