ለጣት የሚሆን ስክሪን

ብሬል ዲስፕሌይ የኮምፒውተርን ጽሑፍ ለጣት የሚያቀርብ መሣሪያ ነው። በአንድ መስመር የተደረደሩ ሴሎች አሉት፤ እንደ ሞዴሉ 14፣ 20፣ 40 ወይም 80 ይሆናሉ። በየሴሉ ብቅ ጥልቅ የሚሉ ስምንት ነጥቦች አሉ። ወረቀት ላይ የምናውቀው ብሬል ባለ ስድስት ነጥብ ነው፤ እዚህ ከታች የተጨመሩት 7ኛውና 8ኛው በአብዛኛው ከርሰሩ የት እንዳለ ይጠቁማሉ። በብዙዎቹ ሞዴሎች ከየሴሉ በላይ አንዲት ትንሽ ቁልፍ አለች፤ ሲጫኗት ከርሰሩ እዚያው ፊደል ላይ ያርፋል። አንድ የተገደፈ ፊደል ለማረም መስመሩን ሙሉ በቀስት መጓዝ ቀረ ማለት ነው።

መሣሪያው ግን በራሱ አያነብም፤ የሚያዘው ስክሪን ሪደሩ፣ ማለትም ስክሪኑ ላይ ያለውን የሚያነብ ፕሮግራም ነው። ኤንቪዲኤን ልውሰድ። አውስትራሊያዊው ዓይነ ስውር ማይክል ከረን በ2006 እ.ኤ.አ. የጀመረው፣ ዛሬም በነፃ የሚገኝ ፕሮግራም ነው። ኢንሰርትን ይዘው ኤንን ሲጫኑ ሜኑው ይከፈታል፤ የብሬሉ ክፍል ሴቲንግ ውስጥ ነው።

ለአማርኛ አንባቢ ከሁሉ በፊት መስተካከል ያለበት የብሬል ሰንጠረዡ ነው፤ የትኛው ፊደል በየትኞቹ ነጥቦች እንደሚወጣ የሚወስነው እሱ ነውና። የእንግሊዝኛው ሰንጠረዥ እንደተመረጠ ከቀረ ፊደላችን በኮምፒውተር ኮዱ ተዘርዝሮ ሊወጣ ይችላል፤ «ሰ» 1230 የሚል ቁጥር ያለበት ረጅም ኮድ ይሆንና ብዙ ሴል ይበላል። ከዝርዝሩ «ኢትዮፒክ ግሬድ 1» የሚለው ሲመረጥ ጽሑፉ ይስተካከላል።

ቢሆንም አማርኛ ቦታ ይፈልጋል። በብሬላችን ተነባቢውና አናባቢው ለየብቻ ስለሚጻፉ «ሰላም» በዓይን ሦስት ፊደል ሆኖ በጣት አምስት ሴል ነው፤ ሰ ሁለት፣ ላ ሁለት፣ ም አንድ። 14 ሴል ላይ ሁለት ቃል ከገባ ጥሩ ነው። ስለዚህ ቃል እንዳይቆረጥ የሚያደርገውን ምርጫ አብርቶ መተው ይሻላል እላለሁ፤ ጥቂት ሴሎች ባዶ ቢቀሩም ግድ የለም። አማርኛ ማን እንዳደረገው ብዙ ጊዜ ቃሉ መጨረሻ ላይ ይናገራል፤ «መጣች»ን «መጣ» ላይ የቆረጠ መስመር አንባቢውን ያሳስተዋል።

ሌላው የመልእክቶች ቆይታ ነው። ኤንቪዲኤ አጫጭር ማሳወቂያዎችን ዲስፕሌዩ ላይ ያወጣና ከጥቂት ሴኮንድ በኋላ ያነሳቸዋል። ድምፁንም ለሚሰማ ሰው ይህ ይበቃል። ለማይሰማና ለማያይ ሰው ግን ጣቱ ሳይደርስ የጠፋ መልእክት ጭራሽ አልመጣም። ለእሱ መልእክቱ እስኪያነሳው ድረስ እንዲቆይ መደረግ አለበት፤ መሣሪያውን የሚያስተካክልለት ሰው ይህን ሳይጠይቀው መነሳት የለበትም። ብሬል ገና የሚለማመድ ተማሪም ቢሆን የሴኮንዱ ቁጥር ከፍ ቢልለት ይጠቀማል።

እንግሊዝኛን በአጭር ብሬል የሚያነብ ሰው ከርሰሩ ያለበት ቃል ብቻ ሙሉ ፊደሉ እንዲዘረዘር ማድረግ ይችላል፤ ስፔሊንግ ለማረም በጣም ይረዳል። በሁለቱ ቋንቋዎች የሚሠራ ሰው ደግሞ በየጊዜው ሰንጠረዥ ሲቀያይር መዋል የለበትም፤ ለየፕሮግራሙ የተለየ ፕሮፋይል አዘጋጅቶ ዎርድ ሲከፈት የአማርኛው፣ ብራውዘር ሲከፈት የእንግሊዝኛው በራሱ እንዲመጣ ማድረግ ይችላል።