ለውሻው የምንጥልለት

«ደረቅ ቆዳ ለውሻ መርዝ ነው» የሚል ወሬ በየጊዜው ከስልክ ወደ ስልክ ይዞራል። መነሻው ከባሕር ማዶ ነው፤ እዚያ እየተጠቀለለና እየተቋጠረ በየሱቁ የሚሸጥ፣ ለውሻ ማኘኪያ ብቻ የተዘጋጀ የላም ቆዳ አለ። ወሬው ሁለት የተለያዩ ጉዳዮችን አዳብሎ አንድ ያደረገ ነው። የመጀመሪያው የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2017 ያወጣው ማስጠንቀቂያ ነው። ለመሥሪያ ቤቱ 68 ያህል የሕመም ሪፖርቶች ደርሰውት ነበር፤ 15 ገደማ ውሾችም ሞተዋል። ግን ያ ማስጠንቀቂያ ስለ ቆዳ አልነበረም፤ በፋብሪካ ደርቆና በጢስ ታጥኖ ስለሚሸጥ አጥንት ነበር። ሁለተኛው በዚያው ዓመት ከገበያ የተሰበሰበ የቆዳ ማኘኪያ ነው። ችግሩ ቆዳ መሆኑ ሳይሆን አምራቾቹ የፋብሪካ ዕቃ ለማጽዳት የተፈቀደ ኬሚካል በቆዳው ዝግጅት ላይ መጠቀማቸው ነበር። እነዚህን አደባልቆ «ቆዳውን ትታችሁ አጥንት ስጡ» ብሎ መምከር እውነቱን መገልበጥ ነው። በላሊበላ ዙሪያ ላለው ለላስታ ሰው ደግሞ ጉዳቱ እጥፍ ነው፤ ዓይኑን ከትልቁ አደጋ ያስነሣዋልና።

ለውሻ የሚጣል ነገር ሲመዘን መጠየቅ ያለበት ስሙ አይደለም። ሆድ ውስጥ ሲገባ ምን ይሆናል? ከየትኛው እንስሳ፣ ከየትኛው የአካል ክፍል ወጣ? እነዚህ ናቸው ጥያቄዎቹ። ቆዳን በተመለከተ ላስታ ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም፤ የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት መጻሕፍት የተጻፉበት ብራና፣ የአልጋው ጠፍር፣ የከበሮው ፊት፣ ሁሉም ሳይለፋ የደረቀ ቆዳ ናቸው። (ነጋዴው የከብቱን ቆዳ፣ የበግና የፍየሉን ሌጦ ብሎ ይለያል። እዚህ የሚያስፈልገን ሌላ ልዩነት ነው፤ የለፋና ያልለፋ። «ጥሬ ቆዳ» የሚለው ስምም ያሳስታል፤ የፋብሪካው ማኘኪያ በኖራ ተነክሮ ጠጉሩ የለቀቀ፣ ብዙ ጊዜም እንዲነጣ የተደረገ ነውና ጥሬ አይባልም።) ቆዳ በአብዛኛው ኮላጅን የሚባል ፕሮቲን ነው። ሦስት ቀጫጭን ክሮች እንደ ገመድ ይገመዳሉ፤ ገመዶቹ ተሰብስበው ነዶ ይሆናሉ፤ ነዶዎቹም እርስ በርስ ተጠላልፈው ጥቅጥቅ ያለ መረብ ይሠራሉ። ውሃው ሲወጣ ክሮቹ ይጠጋጋሉ፣ ይጣበቃሉ፤ ብራናው በተወጠረበት ጸንቶ የሚቀረው፣ ጠፍሩም ሲደርቅ ጨምድዶ የሚይዘው ለዚህ ነው። ውሃ ሲያገኝ ደግሞ ይህ ሁሉ ወደ ኋላ ይመለሳል። ከበሮ በክረምት እርጥበት ድምፁ ይላላል፣ ሙቀት ሲያገኝ ይጠብቃል። ሌሊቱን ውሃ ውስጥ ያደረ ጠፍርም ጠዋት ወፍሮ፣ አሙለጭልጮ ይገኛል።

በውሻ ጨጓራ ውስጥ ግን የሚጠብቀው ውሃ ብቻ አይደለም፤ ብርቱ አሲድ ነው። አሲድ የኮላጅኑን ክሮች አንድ ዓይነት የኤሌክትሪክ ሙል ያስይዛቸዋል፤ ተመሳሳይ ሙል ያላቸው ነገሮች ደግሞ ይገፋፋሉ። ክሮቹ ሲራራቁ በመካከላቸው ተጨማሪ ውሃ ይገባል፣ ቆዳውም በንጹሕ ውሃ ካበጠው በላይ ያብጣል። ቆዳ ፋብሪካዎች ይህን ጠንቅቀው ያውቁታል፤ ቆዳውን አሲድ ውስጥ ከመክተታቸው በፊት ጨው የሚጨምሩት ይህን እብጠት ለመግታት ነው። ፔፕሲን የተባለው የጨጓራ ኢንዛይም ኮላጅኑን መቁረጡ አይቀርም፤ የሚቆርጠው ግን ከላይ ከላይ ነው። ግንድና ፍልጥ እኩል እንደማይነድ ሁሉ፣ ታኝኮ የደቀቀ ቆዳ ቶሎ ሲሟሟ በቁሙ የተዋጠ ቁራጭ ለረጅም ሰዓት እዚያው ይቆያል። እሳት ሌላ ነገር ነው። ኮላጅን 60 ዲግሪን ከተሻገረ በኋላ ግምዱ መፈታት ይጀምራል፣ ወደ ጄላቲንም ይለወጣል፤ የቀዘቀዘ የእግር ሾርባ የሚረጋው ለዚህ ነው። እስኪልም የተቀቀለ ቆዳ ስለዚህ ለውሻ ምግብ ነው። ክሮም በተባለ ኬሚካል የለፋ ቆዳ ግን ፈጽሞ ለውሻ መሰጠት የለበትም፤ ክሮሙ ክሮቹን እርስ በርስ ስለሚያቆራኛቸው የፈላ ውሃ እንኳ በቀላሉ አይፈታቸውም፤ አሮጌ ጫማና የቀበቶ ቁራጭም ብዙ ጊዜ ከዚሁ ወገን ናቸው።

እንግዲህ ያልለፋ ቆዳ መርዝ አይደለም፤ አደጋው መጠኑና ቅርጹ ነው። ከአፍ የሚበልጥ ቁራጭ እየታኘከ እስካለ ድረስ ብዙ አያሰጋም፤ የሚያሰጋው ለስልሶ፣ አንሶ፣ ውሻው ባንዴ የሚጎርሰው ጊዜ ነው። ያኔ ጉሮሮ ውስጥ፣ በልብ አጠገብ ወይም ከጨጓራ መግቢያ በላይ ይቀረቀራል፤ ካለፈም ቀጭኑን አንጀት ሊዘጋ ይችላል። ውሻው ምራቁን ካዝረከረከ፣ ደጋግሞ ባዶውን ከዋጠ፣ ካስመለሰና ምግብ እምቢ ካለ የእንስሳት ሐኪም ዘንድ መቅረብ አለበት። እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ ያሻል፤ ይህ ሐኪሞችም የሚከራከሩበት ነው። ሪፖርት የሚቆጥረው የታመሙትን እንጂ ያኘኩትን ሁሉ ስላልሆነ፣ በአጥንት ከደረሱት ከ15ቱ ሞቶች እንኳ ተነሥቶ «ከመቶው ይህን ያህሉ ይሞታል» ማለት አይቻልም። ማኘክ ከጥርስ ላይ የደነደነውን ቆሻሻ እንደሚቀንስ ጥናቶች አሳይተዋል፤ ጥናቶቹ ግን አብዛኞቹ በጥቂት ውሾች ላይ የተደረጉ ናቸው፤ ቆሻሻው ቀነሰ ማለትም ድዱ ዳነ ማለት አይደለም።

ስለ አጥንት አጭር ነው። የበሰለ፣ በተለይም የተጠበሰ አጥንት ኮላጅኑን ስለሚያጣ እንደ ሸክላ ተሰብሮ ይሾላል፤ አይሰጥ። «ውሻ ከጥንት አጥንት ሲበላ ኖሯል» የሚለው መልስ የሚያሳየን የተረፉትን ብቻ ነው፤ አንጀቱ ተበስቶ ጫካ ገብቶ የሞተውን ማንም አልቆጠረውም።

አሁን ወደ ዋናው። ታኅሣሥ 29፣ ገና የጌታም የቅዱስ ላሊበላም ልደት ሆኖ ሲከበር፣ ጾሙ ይፈታል፤ በየቤቱ በግ ይታረዳል። በራፍ ላይ ለቆመው ውሻ የሚጣለው ቆዳው አይደለም። የሚጣለው ውሃ የቋጠረ ነገር ታይቶበት የተጠላው ሳንባ ወይም ጉበት ነው። ያ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ብዙ ጊዜ ሃይዳቲድ ሲስት ነው፤ ውስጡም በዓይን የማይታዩ የትል ራሶች በብዛት ሊኖሩ ይችላሉ። ውሻ ሲበላው እያንዳንዱ ራስ በአንጀቱ ላይ ተጣብቆ ትል ይሆናል። ይህ ትል የምናውቀው ኮሶ አይደለም። ኮሶ ከጥሬ የከብት ሥጋ ወደ ሰው የሚገባ፣ ሜትሮች የሚረዝም ትል ነው፤ ይህኛው ከ7 ሚሊሜትር አይበልጥም፣ የሚኖረውም ውሻ ውስጥ ነው። ሺዎች ቢሸከምም ውሻው ጤነኛ መስሎ ይታያል። በስድስትና በሰባት ሳምንት ገደማ እንቁላሎቹ ከዓይነ ምድሩ ጋር መውጣት ይጀምራሉ፤ በብርዳማና እርጥብ አፈር ለወራት ይቆያሉ፤ በጠጉሩ ላይ፣ በልጆች እጅ፣ በጎመን ላይ ይገኛሉ። ሰው ሲውጣቸው ከረጢቱ በራሱ ጉበት ወይም ሳንባ ውስጥ ያድጋል፤ ለዓመታትም ምልክት ላያሳይ ይችላል። ሥጋ በመብላት አይያዝም፤ የሚያዘው በውሻው በኩል ነው። ሳንባውን ሲጥል ያስወገደው የመሰለው ሰው ዑደቱን ራሱ ሞላው ማለት ነው።

«ይህ የአርብቶ አደሩ በሽታ ነው» የሚሉ አሉ። በደቡብ ኦሞ አርብቶ አደሮች ዘንድ በሰዎች ላይ በርትቶ መታየቱ እውነት ነው፤ ነገር ግን በደሴ፣ በባሕር ዳርና በጎንደር ቄራዎች የተደረጉ ጥናቶችም በሚታረዱ ከብቶች ውስጥ አግኝተውታል። በቄራ ሥጋ መርማሪ ያየዋል፤ በጓሮ የሚያየው የለም። ያረጀች በግ ደግሞ ከጠቦት ይልቅ ለብዙ ዓመታት ስለ ጋጠች ከረጢት የመያዝ ዕድሏ ሰፊ ነው።

መቀቀል ይበቃል? የበግ ሳንባና ጉበት ለ30 ደቂቃ ሲፈላ ራሶቹ እንደሚሞቱ ተፈትኖ ታይቷል። ላሊበላ ግን 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ውሃዋ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ወደ አቡነ ዮሴፍ ተራራ ከፍ ባለው መንደር ከዚያም ያንሳል። ትሎቹን ለመግደል ይህ ሙቀት ይበቃል፤ ወደ ሥጋው መሃል የሚደርሰው ግን ቀስ ብሎ ነው። ስለዚህ ቆራርጦ አንድ ሰዓት ያህል ማፍላት ይሻላል። ማገዶ ለዚህ አይወጣም የሚል ሰው ትክክል ነው፤ እሱ ይቅበረው። ጉድጓዱ ጥልቅ ይሁን፣ ላዩም በድንጋይ ይደፈን፤ አለዚያ ውሻ ቆፍሮ ያወጣዋል። ሜዳ ላይ ራቅ አድርጎ መጣልም መቅበር አይደለም። ፕራዚኳንቴል የተባለው መድኃኒት በውሻው አንጀት ያሉትን ትሎች ይገድላል፤ ነገ ሌላ ሳንባ ከተጣለለት ግን እንደገና ይያዛል። ለሚመጣው ገና በግ የምታርዱ ሁሉ፣ ቢላዋው ከመሳሉ በፊት ጉድጓዱን ቆፍሩ።