በረራው ሲዘገይ ምን እናድርግ? ከአምቡሊ አውሮፕላን ማረፊያ የተማርኩት

በአሊ አዴም በሆልሆልም፣ እዚህ ጅቡቲ ከተማም ሆናችሁ "ፕሮሰሴ መቼ ያልቃል" እያላችሁ ለምትጠብቁ ሁሉ።

ባለፈው ዓመት አንዲት ጎረቤቴን ከሁለት ልጆቿ ጋር ወደ አምቡሊ ሸኘኋት። ባለቤቷ ጀርመን ነው ያለው። የቤተሰብ ቪዛው ወጥቶ፣ ሊያልቅ ዘጠኝ ቀን ብቻ ቀርቶት ነበር። ከባልባላ በታክሲ ስንሄድ ትንሹ ልጅ "አባዬን ነገ ነው የምናየው?" እያለ ይጠይቀኛል። አውሮፕላኑ አራት ሰዓት ዘግይቶ ተነሳ። ትራንዚት ሲደርሱ ሁለተኛው በረራ ሄዷል። ዴስኩ ላይ ያለው ሰው "ያኛው ሌላ ቲኬት ነው፣ እኛን አይመለከትም" አላት። ባሏ ተበድሮ አዲስ ቲኬት እስኪልክላት ድረስ ሁለት ሌሊት ልጆቿን ታቅፋ ወንበር ላይ አደረች። ተመስገን፣ ቪዛው ሳያልቅ ገቡ።

እኔ ከዚህ የተማርኩት አንድ ነገር ነው፦ አውሮፕላን መዘግየቱ አይቀርም፤ መዘግየቱ ጉዳት የሚሆነው ግን ቲኬቱ ሲቆረጥ በተሠራ ስህተት ነው። ስለዚህ ቲኬት ሳይገዛ በፊት ይህን አንብቡ፤ ለሚገዛላችሁ ዘመድም ንገሩት።

ቲኬቱ አንድ ነው ወይስ ሁለት?

ቲኬት ላይ ስድስት ፊደልና ቁጥር የተቀላቀለበት የቡኪንግ ኮድ አለ። ከጅቡቲ እስከ መጨረሻው ከተማ ያለው ጉዞ በሙሉ በአንድ ኮድ ከተቆረጠ፣ አንዱ በረራ ዘግይቶ ሌላው ቢያመልጣችሁ አየር መንገዱ ያለ ተጨማሪ ክፍያ በሌላ በረራ ሊያደርሳችሁ ይገባል። ሻንጣችሁም አብዛኛውን ጊዜ በቀጥታ መጨረሻው ድረስ ይሄዳል።

ሁለት ቲኬት ለየብቻ ከተገዛ ግን አንደኛው ስለ ሁለተኛው አያውቅም። ሁለተኛው "ተጓዡ ቀርቷል" ብሎ ይመዘግብና ገንዘቡ ይቀልጣል። ሻንጣውም መሃል ላይ ይወርዳል፤ እሱን ለማውጣት ደግሞ የዚያን አገር ቪዛ ይጠይቋችኋል። ውጭ ያለ ዘመድ ርካሽ ሲያገኝ ሁለቱን ለየብቻ ይገዛል፤ ክፋት የለበትም፣ ስለማያውቅ ነው። በስልክ "በአንድ ቡኪንግ ቁረጥልኝ" በሉት።

ሰዓቱን በሐበሻ አትቁጠሩ

ብዙ ሰው በረራ የሚያመልጠው በዚህ ነው። ቲኬት ላይ ያለው ሰዓት በፈረንጅ አቆጣጠር፣ በ24 ሰዓት፣ በየከተማው የአካባቢ ሰዓት ነው። "ረቡዕ 02:30" የሚል ካያችሁ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል አይደለም። ማክሰኞ ማታ ሄዳችሁ፣ በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 8:30 የምትሳፈሩበት ነው። ረቡዕ ጠዋት በ2:30 የሄደ ሰው ስድስት ሰዓት ዘግይቷል ማለት ነው። ቀኑም በፈረንጅ አቆጣጠር መሆኑን አትርሱ። ከአሊ ሳቢህ በኩል የምትመጡ ደግሞ አንድ ቀን ቀድማችሁ ጅቡቲ ከተማ ግቡ።

ትራንዚቱ የት ነው?

ኢትዮጵያዊ በአውሮፓ የሸንገን አገሮች ሲያልፍ፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው ባይወጣም እንኳ የትራንዚት ቪዛ ያስፈልገዋል። የሸንገን፣ የአሜሪካ ወይም የካናዳ ቪዛ የያዘ ከዚህ ነፃ ነው። ነገር ግን ነፃ የሆነው ማረፊያው ውስጥ ለመቆየት ነው። የአሜሪካ ወይም የካናዳ ቪዛ ብቻ ይዞ በረራ ያመለጠው ሰው ሆቴል ልሂድ ቢል ላያስወጡት ይችላሉ። ስለዚህ ለልጅ ምግብ፣ ዳይፐርና መድኃኒት የእጅ ሻንጣ ውስጥ ይሁን።

ሌላም ከባድ ጉዳይ አለ። ከጅቡቲ ብዙ በረራ የሚያልፈው በአዲስ አበባ ቦሌ ነው። ከኢትዮጵያ ሸሽታችሁ ጥበቃ የጠየቃችሁ ከሆነ፣ በቦሌ በረራ ቢያመልጣችሁ የሸሻችሁት አገር ውስጥ ልታድሩ ነው። ስጋት ካላችሁ ቲኬት ከመቆረጡ በፊት ለዩኤንኤችሲአር ወይም ጉዞውን ለሚያዘጋጀው ድርጅት በግልጽ ተናገሩ። በመጨረሻው ሌሊት መናገር ብዙ አይጠቅምም።

ከዘገየ በኋላ

አምቡሊ ላይ እያላችሁ በረራው መዘግየቱን ከሰማችሁ፣ "የሚቀጥለው ያመልጠኛል፣ አሁኑኑ ቀይሩልኝ" በሉ። እዚሁ መጠበቅ ሰው አገር መሃል ላይ ከመቅረት ይሻላል። አዲሱን ቲኬት ወይም ቦርዲንግ ፓስ በእጃችሁ ሳትይዙ ከዴስኩ አትሂዱ። የመዘግየቱን ማረጋገጫ በጽሑፍ ጠይቁ፤ የሻንጣ ቁራጭ ወረቀቱንም አትጣሉ።

ከአውሮፓ ኅብረት አገር በሚነሳ ማንኛውም በረራ፣ ወይም በኅብረቱ አየር መንገድ ወደዚያ በሚገባ በረራ፣ የ2004 ሕግ አለ። በረራው ለረጅም ሰዓት ሲዘገይ ምግብ፣ ሲያሳድር ሆቴል ይሰጣል። መጨረሻ ላይ ሦስት ሰዓትና ከዚያ በላይ ዘግይታችሁ ከደረሳችሁና ጥፋቱ የአየር መንገዱ ከሆነ ከ250 እስከ 600 ዩሮ ካሳ መጠየቅ ይቻላል። ሕጉ ስደተኛ ነው አይደለም ብሎ አይለይም።

የጅቡቲ ሲም ውጭ ላይሠራ ይችላል። የዘመድ ስልክ በወረቀት ጻፉ። የጅቡቲ ፍራንክም ሌላ አገር የሚቀበል የለም ማለት ይቻላል፤ ጥቂት ዶላር ያዙ።

በአይኦኤም ለምትጓዙ

የሚሰጣችሁን የአይኦኤም ፕላስቲክ ቦርሳ ከእጃችሁ አታውጡ፤ ከሻንጣ ጋር አትጫኑት። የታሸገ ፖስታ ካለ አትክፈቱ። በትራንዚት የሚጠብቃችሁ ሠራተኛ የሚለያችሁ በዚያ ቦርሳ ነው። በረራ ቢያመልጥ ከቡድናችሁ አትለዩ፤ ቦርሳው በሚታይበት ቁጭ በሉ። አዲስ ቲኬት ግዙ የሚላችሁ ቢመጣ አትክፈሉ።

አንዳንዴ ደግሞ በረራው ጨርሶ ይሰረዛል። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2020 በኮሮና ምክንያት፣ በጥር 2025 ደግሞ በአሜሪካ መንግሥት ውሳኔ ቲኬት የተቆረጠላቸው ሰዎች ሳይቀሩ ቀርተዋል። እንዲህ ሲሆን "ገንዘብ አምጡ፣ በረራችሁን አስቀጥላለሁ" የሚል ደላላ አይጠፋም። የዩኤንኤችሲአር አገልግሎት በነፃ ነው። ጉዞው ሲራዘም የሕክምና ምርመራውም ሆነ ሌላው ወረቀት ጊዜው ሊያልፍ ስለሚችል፣ የሚያልቅበትን ቀን ጽፋችሁ ያዙና ጠይቁ።

ያቺ ጎረቤቴ አሁን ሌላ ሰው ሊሄድ ነው ሲባል ከጀርመን ትደውላለች። መጀመሪያ የምትጠይቀው "ቲኬቱ አንድ ነው?" ብላ ነው። እናንተም ይህን ጥያቄ አስቀድሙ።

መንገዳችሁን ጨርቅ ያድርግላችሁ።