ፕሪማኪን ከመዋጡ በፊት የምትፈካው የደም ጠብታ

እዚህ ጅዳ፣ ጃሚዓ ሰፈር፣ ጠዋት ፉል ሳይቀምስ ትምህርት የሚገባ ጥቂት ነው። ፉል ያው የሀገራችን ባቄላ ነው። ይኸው ባቄላ አንዳንዱን ሰው ቀይ የደም ሕዋሱን አፈራርሶ፣ ዓይኑን ቢጫ፣ ሽንቱን የጠቆረ ሻይ አስመስሎ ሐኪም ቤት ያስተኛዋል። ምክንያቱ ጂ6ፒዲ የተባለው ኢንዛይም በደሙ ውስጥ ማነሱ ነው። ጉድለቱ በምሥራቅ ሳዑዲ በቀጢፍና በአልአሕሳ በብዛት ይገኛል፤ በሀገራችን በደጋው ጥቂት ሲሆን በጋምቤላ ከፍ ይላል።

ለእኛ ግን ከባቄላው ይልቅ የሚያሳስበው ፕሪማኪን ነው። ቫይቫክስ የተባለው የወባ ተሐዋሲ ጉበት ውስጥ ተደብቆ ከወራት በኋላ ያገረሻል፤ ፕሪማኪን ከዚያ ይነቅለዋል። ኢንዛይሙ የጎደለውን ሰው ደም ግን ያፈርሳል። ጉድለቱ የታወቀውም እ.ኤ.አ. በ1956 በአሜሪካ ፕሪማኪን በተሰጣቸው እስረኞች ደም ነው (እስረኛ ለሙከራ መዋሉ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይሻል)።

ኢንዛይም በዓይን አይታይም። ኧርነስት ቦይትለር እ.ኤ.አ. በ1966 ያቀረበው ዘዴ ግን ያሳየዋል። የደም ጠብታ ፎስፌት ከያዘ ስኳርና ኤንኤዲፒ ከተባለ ቅመም ጋር ይደባለቃል። ኢንዛይሙ ካለ ኤንኤዲፒን ወደ ኤንኤዲፒኤች ይለውጠዋል። የመጀመሪያው በአልትራቫዮሌት መብራት ሥር አይበራም፤ ሁለተኛው ሰማያዊ ሆኖ ይፈካል። ድብልቁ ማጣሪያ ወረቀት ላይ ተንጠባጥቦ ሲደርቅ ጨለማ ክፍል ውስጥ ይታያል።

አስቸጋሪው መካከለኛው ነው። ጂኑ ያለው በኤክስ ክሮሞዞም ላይ ስለሆነ፣ የአንዲት ሴት ከፊሉ ሕዋስ ጤነኛ፣ ከፊሉ ጎደሎ ሊሆን ይችላል፤ ጠብታዋም ደብዘዝ ብላ ትፈካለች። ደብዛዛውን ከደማቁ የሚለየው የመርማሪው ዓይን ብቻ ነው። ደሙ ገና የፈረሰበት ሰውም ያሳስታል፦ አሮጌዎቹ ሕዋሳት አልቀው ኢንዛይም የሞላባቸው ወጣቶቹ ስለሚቀሩ ጤነኛ ይመስላል። ስለዚህ ከ3 ወር ገደማ በኋላ ምርመራው ይደገማል።

ቀለም የሚለውጡ ጠቋሚዎች የሚፈለጉትም ለዚህ ዓይነቱ ችግር ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 የሮጀር ችየን ቡድን ፔኒሲሊንን ለሚያፈርሰው ቤታላክታሜዝ፣ ኢንዛይሙ ሲቆርጠው ከአረንጓዴ ወደ ሰማያዊ የሚዞር ጠቋሚ አስተዋወቀ። የሚነበበው የሁለቱ ቀለማት ንጽጽር ስለሆነ መብራቱ ቢደክም ወይም ጠቋሚው ቢያንስ ውጤቱ ብዙም አይዛባም።

የጂ6ፒዲም መጠን በቁጥር መታወቅ አለበት። እ.ኤ.አ. በ2018 በአሜሪካ የተፈቀደው፣ አንድ ጊዜ ብቻ የሚዋጠው ታፈኖኪን ለአዋቂ የሚሰጠው ኢንዛይሙ ከመደበኛው ከ70 በመቶ በላይ ሲሆን ነው። 65ን ከ75 በጨለማ ክፍል በዓይኑ የሚለይ መርማሪ እስካሁን አላየሁም።